የፈሪው ቧንቧ

ቢዘርት፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1983

ውድ እህቴ ግማር፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ካንቺና ከልጅሽ ከሳልሃ ጋር ይሁን። እኔ ደህና ነኝ፤ ምስጋና ለእሱ። ብርዱ ብቻ የባሕሩን ጨው ይዞ አጥንት ድረስ ይገባል።

«አራት ወር ሙሉ ጠፍተህ ቆይተህ፣ ስትመጣ ደግሞ የቴምር ዛፎቼን ቁመት የምትጠይቀኝ አብደህ ነው ወይስ ልትድራቸው ነው?» ብለሽ ጽፈሻል። ይቅር በይኝ። የጠፋሁት ስለረሳሁሽ አይደለም። ባልሽ በልጋሴም ከዛፍ ወድቆ ከሞተ ወዲህ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር የሚያጽናናሽ ቃል አጣለሁ። ባዶ ሰላምታ ልኬ ከምትታዘቢኝ ዝም ማለት መረጥኩ። እሱም ጥፋት ሆነ።

ስለ መዳሩ ግን አልተሳሳትሽም። ልድራቸው ነው።

አምና የላክሽልኝ ወረቀት አሁንም የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ አለ። «ዛፍ ወጪዎቹ አምስት ቀርተዋል። የአምስቱ ታናሽ ሃምሳ አልፎታል። የባለጸጎቹን አትክልት ሳይጨርሱ ወደ መበለት አትክልት አይዞሩም፤ ሲመጡም አበባው ደርቆ ጠበቃቸው» ይላል። መርከብ መጠገኛው ውስጥ ስበይድ የምውለው ይህንኑ እያሰብኩ ነው። የወንዴው ዱቄት ከሴቴዋ አበባ እንዲደርስ የግድ ሰው አሥር ሜትር መውጣት አለበት? ዱቄቱ ብቻውን ቢወጣስ?

እና ሠራሁት። አንዱ ባንዱ ውስጥ የሚገባ ስድስት ቁራጭ የአሉሚኒየም ቧንቧ ነው፤ ሲቀጣጠል ዘጠኝ ሜትር ይሆናል። ከታች የጎማ ወናፍ አለው። ዱቄቱን ትጨምሪበታለሽ፣ ወናፉን ጨመቅ ታደርጊዋለሽ፣ ከላይ እንደ ጭስ ቡን ይላል። እዚህ ግቢ ውስጥ በስንዴ ዱቄት ስሞክረው የአለቃዬን መኪና ከጥቁር ወደ ነጭ ቀይሬያታለሁ።

ሐሙስ በሚነሳው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስሬ ልኬልሻለሁ። ሾፌሩ «መድፍ ከሆነ ንገረኝ» ብሎኝ ነበር፤ ቢጠይቅሽ ለአበባ ነው በይው።

አንድ ልመና ብቻ። ማን እንደሠራው ለማንም አትናገሪ፤ በተለይ ለዛፍ ወጪዎቹ አለቃ ለዓም ተጃኒ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ማርች 27 ቀን 1983

ወንድሜ ላዝሃር፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሳልሃ እጅህን ትስማለች። መልሱን በማዘግየቴ አትቀየመኝ። ወቅቱን ታውቀዋለህ፤ አበባው ከሰገባው መውጣት ሲጀምር እዚህ አገር ሰው እንኳን ሊጽፍ በወጉም አይበላም።

አዎ፣ ቧንቧህ በሰላም ደርሷል። አንዱ ቁራጭ ጎበጥ ብሎ ነበር፣ አቃናሁት። ሰው ምን አለ ብለሃል። ምን ያላለው አለ ብለህ ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ቀን ገና ሦስተኛውን ቁራጭ ስቀጥል ዓም ተጃኒ ከጭቃው አጥር ወዲያ ቆመዋል። ሌሎቹ አራቱ ዛፍ ወጪዎችም ከኋላቸው ተደርድረዋል።

«ግማር፣ ሰማዩን ልትጠርጊው ነው?» አሉኝ።

«አበባ ላጋባ ነው፣ ዓም ተጃኒ።»

«በምን? በጭስ ማውጫ?»

ሰዎቹ አጥሩን ተደግፈው ሳቁ። እሳቸው ግን እንዲህ ሲሉ የምራቸውን ነበር፦ «ልጄ፣ እሷ የሰው እጅ ነው የምታውቀው። ወጥተህ፣ ሰገባዋን ከፍተህ፣ የወንዴውን ዘርፍ መሃሏ ሸጉጠህ፣ በቅጠል አስረህ፣ ስመ አላህ ብለህ ነው የምትወርድላት። በቧንቧ ብትነፊባት ታስነጥስ እንደሆነ እንጂ አታፈራም።»

ከወጪዎቹ አንዱ ደግሞ «ኧረ ይሄ ለማን ነው የተሠራው?» ቢል፣ ሌላው አፉን አሞጥሙጦ «ለፈሪ ነዋ!» አለ። በማግስቱ ገበያ ስወርድ አትክልት ሻጮቹ ሁሉ «የፈሪው ቧንቧ እንዴት ዋለ?» ይሉኛል። ስሙ ወጥቶለታል።

እኔስ መች ተውኩ። ሃያ ዛፍ ነፋሁ። ዱቄቱ እየጓጎለ ግማሹ ወደ ላይ ይወጣል፣ ግማሹ ራሴ ላይ ይወርዳል። አንድ ቀን ሻሼን ሳላራግፍ ወጥቼ ጎረቤቴ «ወፍጮ ቤት ቀጠሩሽ እንዴ?» አለችኝ። የቀሩትን አርባ ዛፎች ወጪዎቹን ለመንኩ፤ መጡ፣ ግን እንደ ልማዳቸው መጨረሻ ላይ።

የባሌ ታላቅ ወንድም ላሩሲም መጥቶ ነበር። ስለ እሱ ሌላ ቀን እጽፍልሃለሁ።

ማን እንደሠራው አልተናገርኩም። ለምን እንደምትደብቅ ግን ሳስብ እውላለሁ።

እህትህ ግማር


ቢዘርት፣ ሜይ 10 ቀን 1983

ግማር፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የሳልሃ ፈተና፣ የደቡቡ ነፋስ፣ የጎረቤትሽ ሠርግ፣ ሁሉም ደርሶኛል፤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ሁለት ጊዜ አንድ ነገር ጠየቅሁሽ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሠርግ መለስሽልኝ።

እንደገና ልጠይቅ። እያንዳንዷ አበባ ሦስት ትናንሽ የፍሬ እንቡጦች አሏት። ከተጋባች አንዱ ያብጣል፣ ሁለቱ ይረግፋሉ። ካልተጋባች ሦስቱም አብረው ያብጡና ፍሬ ሳይሆኑ ይቀራሉ። ይህን ከአባታችን እግር ሥር ቁጭ ብለን አብረን ነው የተማርነው። ጊዜው ደርሷል። አንዱ ነው ያበጠው ወይስ ሦስቱም?

እውነቱን ብትነግሪኝ አልሞትም። ዝምታሽ ግን ሥራ አስፈትቶኛል፤ ትናንት የራሴን ጓንት በየድኩ።

ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ሜይ 22 ቀን 1983

ወንድሜ፣

ይቅር በለኝ። የደበቅሁህ አንተን ለማታለል አይደለም። በሩቅ አገር ብቻህን ሆነህ እንዳታዝን ብዬ ነው።

ከሃያው ዛፍ አሥራ አራቱ ላይ ሦስቱም አብጠዋል። አሥራ አራት ዛፍ፣ ላዝሃር። ዘለላውን ሲያዩት የተንዠረገገ ይመስላል፣ ሲነኩት ግን ገለባ ነው። ወሬው ከእኔ ቀድሞ መስጊድ ደርሷል።

ስለ ላሩሲ ጠይቀሃል። ባለፈው ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ሻይ አቀረብኩ፤ አልነካውም።

«የወንድሜ አትክልት መጫወቻ አይደለም» አለኝ። «ይህን ዓመት በቧንቧ አጠፋሽው። ለሚቀጥለው ዓመት መከር ይህን አትክልት እንደ ሰው አትክልት አፍርቶ ካላየሁት እኔው እይዘዋለሁ። የልጅቱን ድርሻ በየዓመቱ እልክላታለሁ።»

«ሲ ላሩሲ፣ ጌታዬ፣ አምናም ያለ ቧንቧ ግማሹ ደርቆ ነበር። ያኔ የት ነበርክ?» አልኩት። ሽማግሌዎቹ ጺማቸውን ማሻሸት ጀመሩ። ፍርዱ ግን እሱ ያለው ሆነ፦ እስከሚቀጥለው ዓመት መከር።

ስለዚህ ሌላ ቧንቧ አትላክ። አንተም አትድከም፣ በእኔም አይሳቅ።

ይህን ጽፌ ላሽገው ስል አንድ ነገር ስላልለቀቀኝ ልጨምርልህ። ስድስቱ ለምን ያዙ? ቧንቧው ያው፣ እጄ ያው፣ ዱቄቱ ያው። ሄጄ ከሥራቸው ቆሜ አሰብኩ። ስድስቱም በአጥሩ በኩል ያሉት ናቸው። ዓም ተጃኒ ጠዋት ጠዋት በዚያ ሲያልፉ ቀና ብለው እያዩ ለራሳቸው «ይቺ ዛሬ ደርሳለች፣ ይቺ ከነገ ወዲያ» ይላሉ። አፋቸው ለምዶባቸው ነው፤ ለእኔ ብለው አልነበረም። እኔ ግን ሰምቼ «ደርሳለች» ያሏትን በዚያው ቀን ነፋሁ። ሌሎቹን እንደ ተራቸው ነው የነፋኋቸው።

ይኸው ነው። ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቅ እንደሆነ።

ግማር


ቢዘርት፣ ጁን 8 ቀን 1983

ውድ እህቴ፣

ረመዳን ሊገባ ነውና እንኳን አደረሰሽ። ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ አሥራ አራቱ ላይ አዘንኩ፣ ስድስቱ ላይ ግን ተነስቼ ቆምኩ።

ሌላ አትላክ ብለሻል። ልትቆጪኝ ትችያለሽ፣ ግን እልካለሁ። ከዚያ በፊት «ለምንድን ነው ዓም ተጃኒን የምትፈራው?» ላልሽው መልስ ልስጥሽ። ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅሁት ነው።

አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ አባታችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዛፍ ላይ አወጣኝ። እሱ ወደ ሌላው ተሻገረ፣ እኔ ጫፍ ላይ ቀረሁ። ወደ ታች አየሁ። ከዚያ በኋላ እጄም እግሬም የእኔ መሆናቸው ቀረ። ግንዱን አቅፌ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን ቆየሁ፤ አፌ እንኳ ለመጮህ አልታዘዝ አለኝ። ያገኙኝ ዓም ተጃኒ ናቸው። ወጥተው በጥምጣማቸው ከጀርባቸው ጋር አስረው አወረዱኝ። አባታችን እየሮጠ ሲመጣ ምን እንዳሉት ታውቂያለሽ? «ልጁ መውረድ አልፈለገም፤ አየሩ ጣፍጦት ነው።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓይናቸውን አላየሁም። ከተማ የገባሁት ለሥራ ነው ስል ኖሬያለሁ። ሽሽት ነበር።

እና ስሙን ያወጡት ሰዎች ሳያውቁ እውነት ተናግረዋል። የሠራው ፈሪ ነው።

አሁን ግን ጥፋቴ ገባኝ። ቧንቧውን ስሠራ ስለ ዱቄቱ አሰብኩ፣ ስለ ቁመቱ አሰብኩ፣ ወጪዎቹ ምን እንደሚያውቁ ግን አንድ ቀን አልጠየቅኩም። እነሱን የማያስፈልግ ነገር ልሠራ ነበር የፈለግሁት። ከታች ሆኖ ቀኗን መለየት የሚችል ዓይን ደግሞ በብየዳ አይሠራም፤ እሱ ያለው ዓም ተጃኒ ጋ ነው።

ወደ እሳቸው ሂጂ። ቧንቧውን ይዘሽ አትሂጂ። እንዲያስተምሩሽ ለምኚ። ማን እንደሠራው ከጠየቁሽም ንገሪያቸው።

ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1983

ወንድሜ ላዝሃር፣

«ሄድሽ ወይስ አልሄድሽም? አንድ ቃል ጻፊ» ያልከው ካርድ ደርሶኛል። ሄጃለሁ። ይህን ያህል የዘገየሁት እሳቸው «ገና ነው፣ አትጻፊ» ስላሉኝ ነው።

መከር ላይ ነበር። ሌሎቹ ዛፍ ላይ ናቸው፣ ዓም ተጃኒ ከታች ቁጭ ብለው «ቀስ! ዘለላውን አትወርውር!» እያሉ ያዛሉ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ዓም ተጃኒ፣ አንድ ነገር ሊያስተምሩኝ መጥቻለሁ።»

«መውጣት እንዳይሆን።»

«ማየት ነው። የደረሰችውን እንዴት ነው የሚያውቁት?»

ዓይናቸውን ከዛፉ አንስተው እኔን አዩኝ። ከዚያ «ስድሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ይህን የጠየቀኝ ሰው አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ። ወንዶቹ ልጆቼ አልጠየቁኝም» አሉ። ስለ ሰገባው ቀለም ነገሩኝ፤ አረንጓዴው ወደ ቡኒ ሲዞር፣ ወገቡ ላይ ስንጥቅ እንደ ክር ስትታይ። ጤዛ ሳይደርቅ አይነካም፤ ረፋድ ሲሞቅ ነው። እያወሩ ሳለ «ያንን ጭስ ማውጫሽን አምጪው እስቲ» አሉ።

አመጣሁት። እንደ ጠመንጃ አገላብጠው አዩት። ስህተቱን ለመቁጠር ጊዜ አልፈጀባቸውም፦

«ጫፉ ከባድ ነው፣ ክንድ ይገድላል። አፉ ቀጥ ማለቱ ጅልነት ነው፤ አበባዋ እኮ ከቅጠል ጀርባ ነው የምትደበቀው፣ እንደ ሰው ጣት መታጠፍ አለበት። ሰገባውንስ በምን ትከፍቺዋለሽ? በጸሎት? ጫፉ ላይ ትንሽ ማጭድ ያስፈልጋል። ዱቄቱም በጥላ ይድረቅ፣ ሦስቴ በወንፊት ይነፋ፣ ከስንዴ ዱቄት ጋር ይደባለቅ። ማነው ይህን የሠራው?»

ነገርኳቸው። ፈርቼ ነበር።

«ላዝሃር?» አሉ። «ያ አየሩ የጣፈጠው ልጅ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ዓይናቸው ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር። «ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ሰላምታ ያልላከልኝ ለዚህ ነዋ። በይው፣ የሠራውን ሳያሳየኝ በመላኩ ብቻ ነው የተቀየምኩት።»

ከዚያ ፊታቸው ጠቆረ። «ይሄ ነገር ከሠራ አምስታችን ምን እንሆናለን?»

ይህን ሳስብበት ስለሰነበትኩ መለስኩላቸው። «ቧንቧው ቀኗን አያውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ለወጪ ከየዛፉ የሚሰጠው ዘለላ ለሚነፋውም ይሰጥ።»

«ይህን ካንቺ አፍ ቢሰሙት ልመና ይመስላቸዋል» አሉ። «ከእኔ ይስሙት። ጊዜውን እኔ አውቃለሁ።»

ለመነሳት ሲሞክሩ ነው ያየሁት። የግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። ክንዴን ይዘው ተነሱና «ስለ ጉልበቴ ትንፍሽ ካልሽ አንተዋወቅም» አሉኝ። እሺ ብያለሁ። ለአንተ የጻፍኩት አፍህ ዝግ ስለሆነና ሩቅ ስለሆንክ ነው።

ግማር


ቢዘርት፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1984

ግማር፣

ሰላም ላንቺ፣ ሰላም ለሳልሃ፣ ሰላም ለዓም ተጃኒ። አዎ፣ ለእሳቸው ለብቻው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፤ ምን እንዳልኩ አትጠይቂ።

ስለ ክብደቱ ጠይቀሻል። ከግማሽ በታች አድርጌዋለሁ፤ የላይኞቹን ሦስት ቁራጮች ከቀጭኑ ቧንቧ ሠራኋቸው። አፉ እንደ ጣት ታጥፏል። ማጭዱን አምስት ጊዜ ነው የሠራሁት፤ አራቱን ዓም ተጃኒ ቢያዩአቸው ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ ራሴ ጣልኳቸው። ሁለት ቧንቧ ነው የላክሁት፤ አንዱ የእሳቸው ነው።

አሁን ከእኔ የሚጠበቅ ያለቀ ይመስለኛል። ቀሪው የእናንተ ነው።

ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ኤፕሪል 19 ቀን 1984

ወንድሜ ላዝሃር፣

ሰላምታ ባሳጥርብህ ከድካም ነው። ቴሌግራምህን ሳልመልስ የቀረሁት ወረቀት ላይ የምቀመጥበት ጊዜ ስላልነበረ ነው። «ነገሩን ከመጀመሪያው» ስላልክ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ዘንድሮ ብርዱ እስከ ማርች መጨረሻ አልለቀቀም። ሰገባዎቹ እንደ ተዘጋ ቡጢ ሰነበቱ። ከዚያ የደቡቡ ነፋስ መጣና መንደሩ በሙሉ፣ ስድስት መቶ ዛፍ፣ በአምስት ቀን ውስጥ ፈነዳ። አንድ ወጪ በቀን ቢበዛ አሥራ አምስት ዛፍ ነው የሚወጣው። ሒሳቡን ሁሉም ሰው በልቡ ሠራ። ሰው መንገድ ላይ ዓም ተጃኒን ከግራና ቀኝ እጃቸውን ይዞ «መጀመሪያ የእኔን!» ይላል።

አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቧንቧውን ትከሻቸው ላይ አድርገው የመስጊዱ በር ላይ ቆሙ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ወዲያ ማዶ ነበርኩ፤ ድምፃቸው ግን ሁሉ ጋ ደርሷል።

«አምና በዚህ ስቄያለሁ» አሉ። «ከሁላችሁም አብልጬ ነው የሳቅሁት። ዛሬ ልንገራችሁ፤ ጉልበቴ ሞቷል። ከመከር ወዲህ አንድ ዛፍ አልወጣሁም፣ ሳስመስልላችሁ ነው የከረምኩት። እነዚህ አራቱም እድሜያቸውን ያውቁታል። ልጆቻችሁ ሆቴል ውስጥ የፈረንጅ ሻንጣ ተሸክመዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ማን ይወጣላችኋል? እስቲ ንገሩኝ።»

ያ አምና «ለፈሪ ነዋ!» ያለው ወጪ ጮኸ፦ «እኛስ? ሴቶቹ ከነፉት የኛ ዘለላ የት ይገባል?»

«ቀኗን የሚያሳይና የሚነፋ ሰው የወጪውን ዘለላ ይወስዳል፤ ወንድ ቢሆን ሴት። በዚህ የማይስማማ ባለ አትክልት ዛፉን ራሱ ይውጣ!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ የስምምነት ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። እሳቸው በቅሎ ላይ ሆነው በበትር ያሳያሉ፣ እኔ እነፋለሁ፤ ያኛውን ቧንቧ ያው ተሳዳቢው ወጪ ይዞታል። በመጀመሪያው ቀን ስልሳ፣ በሦስተኛው ዘጠና ዛፍ አደረስን። ጎረቤቶቼ ዱቄት በወንፊት ይነፋሉ። በአራተኛው ቀን የመንደራችን አንጥረኛ «ቆይ፣ ይሄማ ምን አለው» ብሎ ከሸምበቆና ከአሮጌ የብስክሌት መንፊያ ሦስተኛውን ሠራ። አስቀያሚ ነው፣ ግን ይነፋል!

በአምስተኛው ቀን ማን በሬን ቢያንኳኳ ጥሩ ነው? ላሩሲ።

«ግማር፣ እህቴ፣ ለግማሽ ቀን ብቻ።»

«ሲ ላሩሲ፣ ስምንት ሰው ቀድሞሃል። ተሰለፍ።»

ተሰለፈ፣ ላዝሃር። በገዛ ዓይኔ አየሁት።

አሁን መጠበቅ ነው። ብናፍርስ? መላው መንደር በእኔ እጅ ነው የተነፋው። ዓም ተጃኒ «ዝም በይና ቆይ» ይሉኛል፤ እሳቸውም ግን ምግብ አይበሉም።

ግማር


ቢዘርት፣ ሜይ 6 ቀን 1984

ግማር፣

አንድ ቃል ብቻ። አንድ ወይስ ሦስት?

ክፉም ቢሆን እንደ አምና አትሸሽጊኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ነገሩን አውቀውብኛል፤ ጠዋት ስገባ ሰላም ሳይሉ «አንድ ወይስ ሦስት?» ነው የሚሉኝ።

ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ሜይ 12 ቀን 1984

አንድ!

አንድ፣ ወንድሜ! አንድ፣ አንድ፣ አንድ! ሰላምታውን ከዚህ በኋላ እጽፈዋለሁ።

ሰላም ለአንተ ይሁን፣ ለአለቃህም፣ በመኪናው ይቅር ይበለን፤ ለሠራተኞቹም ሁሉ። እንዴት እንደታወቀ ልንገርህ። እኔ ቀድሜ ለማየት ፈርቼ ነበር። ዓም ተጃኒም «ለብቻ የሚታይ ነገር የለም፤ ሁሉም ፊት ይታይ» አሉ። ከየአትክልቱ አንዳንድ ዘርፍ ተቆርጦ ምንጩ ዳር ነጭ አንሶላ ላይ ተዘረጋ። እሳቸው ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱ፣ በአውራ ጣታቸው አሻሹት፣ ሁለቱ እንቡጦች እጃቸው ላይ ረገፉ። አንዱ ቀረ፤ ሽምብራ አክሏል፣ ጠንካራ፣ አረንጓዴ። ሁለተኛውን አነሱ። አንድ። ሦስተኛውን። አንድ። ከዚያ በኋላ ሁሉም አንሶላው ላይ ወደቀበት፤ እልልታው ከምንጩ ተነስቶ የት እንደደረሰ እንጃ። ከአሥሩ ዘጠኙ ይዟል። በእጅ የተጋባውም ከዚህ አይበልጥም።

ሳልጠይቅህ ቃል ገብቻለሁና አትቆጣኝ፤ ለሚቀጥለው ዓመት አሥራ አንድ ቧንቧ ትሠራለህ ብያለሁ። አንጥረኛው ደግሞ የራሱን ሰባት ጀምሯል፤ ያንተን ወናፍ ጥሎ የራሱን የፍየል ቆዳ ወናፍ አድርጎበታል፣ «ያ የከተማ ጎማ ፀሐያችንን አይችልም» ይላል። እንዳትቀየም።

ስሙን ጠይቀሃል። ለክብርህ ሲሉ ሊቀይሩት ፈልገው ነበር። ዓም ተጃኒ ከለከሉ፦ «ይቆይ። ፈሪ ባይሠራው ኖሮ ማን ይሠራው ነበር? ደፋሮቹማ እንወድቅ ነበር።» በልጋሴምን አስታውሰው ነው መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወዲያ አዞሩ። እኔም አዞርኩ።

እህትህ ግማር


ቢዘርት፣ ሜይ 25 ቀን 1984

ውድ እህቴ፣

ምን እቀየማለሁ! ስለ አንጥረኛው የጻፍሽውን ለሠራተኞቹ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። «ወናፍህን ጣለው እኮ!» አሉኝ። ጣለው፤ ደስታዬም እሱ ነው። አምና ይህ ነገር የእኔ ብቻ ነበር፣ የእኔ ብቻ ሳለ ደግሞ ማንም አልፈለገውም። ዘንድሮ አንጥረኛው ይጥለዋል፣ ዓም ተጃኒ ያጣምሙታል፣ አንቺ ቃል ትገቢበታለሽ። እንግዲህ ይኖራል ማለት ነው።

አሥራ አንዱን እሠራለሁ። አለቃዬ ትርፍራፊውን አሉሚኒየም ውሰድ ብሎኛል፤ በአንድ ሳጥን ቴምር ተስማምተናል፣ ጥሩ ቴምር ላኪ።

ለመከር እመጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። እመጣለሁ። የአንድ ወር ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለዓም ተጃኒ ራሴ እነግራቸዋለሁና አትቅደሚኝ።

ላዝሃር


ዓይን ረይሃን፣ ማርች 30 ቀን 1985

ወንድሜ ላዝሃር፣

ሰላምታዬ ብዙ ነው፣ ጊዜዬ ግን ጥቂት ነው፤ ይቅርታህን አስቀድሜ እለምናለሁ። ለመከሩ መጥተህ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ዝም ብሎብናል። ሳልሃ «አጎቴ ሲሄድ የሚያጨበጭብልኝ ጠፋ» ትላለች።

ላሩሲ ከዚያ መከር በኋላ ምን አለ ብለሃል። ሽማግሌዎቹን መልሶ አምጥቶ፣ በዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ «አትክልቱ በእሷ እጅ ይሻላል» አለ። ሻዩንም ጠጣ። ሁለተኛም ጠየቀ።

መንደሩ ውስጥ ስንት ቧንቧ እንዳለ ጠይቀሃል። አላውቅም። ያንተ አሥራ አንዱ አሉ፣ የአንጥረኛው አሉ፣ ሰው በየቤቱ የሠራቸውም አሉ፤ መቁጠር ትተናል። ከወጪዎቹ ልጆች ሁለቱ ከሆቴሉ ተመልሰዋል፤ አባቶቻቸው ቀኗን ማየት እያስተማሯቸው ነው። ዓም ተጃኒ ለአንተ የላኩት ቃል ይህ ነው፦ «የእኔ ዛፎች አሥራ አራት ሜትር ናቸው፤ ዘጠኝ ሜትር ላይ ምን አቆመህ?» ሥራ ሰጥተውሃል ማለት ነው።

አሁን ማቆም አለብኝ። ከአጎራባቹ መንደር አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሰው መጥቶ በሬ ላይ ቆሟል፤ ሠላሳ ይሆናሉ፣ ከግማሽ በላይ ሴቶች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ወንፊት ይዘዋል። ወንዶቹ ክንዳቸውን አጣምረው ካቻምና የኛዎቹ እንደሳቁት ይስቃሉ፤ ዓም ተጃኒ «ሳቁ፣ ሳቁ፣ ስትጨርሱ ንገሩኝ» እያሉ ነው። አንዲት ሴት ከኋላ «አስተማሪዋ የታለች?» ብላ ጮኸች።

እኔን ነው። ሄድኩ።

ግማር